ሳሎኔን ጋለሪ አደረግሁት፤ ያስጠይቀኛል?

ጥያቄ፦ አምስት ኪሎ አካባቢ ከወላጆቻችን በወረስነው ቤት እኖራለሁ። ወራሾቹ ሦስት ነን፤ ወንድሜ ውጭ አገር፣ እህቴ ሌላ ሰፈር ናቸው። ካርታው እስካሁን በአባታችን ስም ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሳሎኑን የወጣት ሠዓሊዎች ሥራ ማሳያ አድርጌዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ይመጣል፤ ሥዕል ሲሸጥ 30 በመቶው የእኔ ነው። ሰሞኑን ከወረዳ መጥተው የንግድ ፈቃድ ጠየቁኝ። በገዛ ቤቴ እንግዳ መቀበል ንግድ ነው?

መልስ፦ እንግዳ መቀበሉ ንግድ አይደለም፤ 30 በመቶው ነው ንግድ የሚያደርገው። ሥዕል ሰቅለው፣ ቡና አፍልተው ሰው ቢጠሩ ፈቃድ የሚጠይቅዎ የለም። በየሳምንቱ እየሸጡ ድርሻ ሲወስዱ ግን በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ፈቃድ ሊኖርዎ ይገባል። ያለ ፈቃድ መነገድ በወንጀል ያስከስሳልና ፈቃዱ እስኪወጣ ሽያጩን ያቁሙ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ «በገዛ ቤቴ» ያሉት ነው። ቤቱ የሦስታችሁ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የጋራ ንብረት የሚውልበትን አገልግሎት ለመለወጥ የሁሉንም ባለቤቶች ስምምነት ይፈልጋል፤ መኖሪያን መሸጫ ማድረግ ደግሞ አገልግሎት መለወጥ ነው። እህትና ወንድምዎ እስካሁን ዝም ማለታቸውን እንደ ፈቃድ አይቁጠሩት። ነገ ውርስ ክፍፍል ሲመጣ ቤቱ ካስገኘው ገቢ ድርሻችንን ሊሉ ይችላሉ። ፈቃድ ለማውጣትም የሥራ አድራሻ ማስረጃ ይጠየቃሉ፤ በአባትዎ ስም ያለ ካርታ ይዘው ቢሄዱ ያስመልስዎታል። ስለዚህ መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ያውጡ፣ ስሙን ያዛውሩ፣ የእህትዎን ስምምነት በጽሑፍ ያግኙ። ወንድምዎ ካለበት አገር ኤምባሲያችን ሄዶ ውክልና ሊልክልዎ ይችላል። ግድግዳ ከማፍረስዎ ወይም በር ከመክፈትዎ በፊት ደግሞ የግንባታና የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አይርሱ።

ስለ ሠዓሊዎቹ አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን ሳልናገር አላልፍም። ከዓመታት በፊት በያዝኩት አንድ ጉዳይ፣ አንድ ወጣት ትልቅ ሸራውን በአንዲት ሴት ሳሎን ሰቅሎ ሄደ። ነሐሴ ላይ ከቆርቆሮው ያንጠባጠበ ውኃ የሥዕሉን ታችኛ ጥግ አበላሸው፤ ቀለሙ ተነፍቶ እንደ ቅርፊት ተላጠ። እሷ «ራሱ ነው እዚህ ቦታ ይሰቀል ያለው» አለች፣ እሱ «አደራ ሰጥቻታለሁ» አለ። በመካከላቸው አንዲት ወረቀት አልነበረችም። ስንት ቀጠሮ ያለቀው ሥዕሉን ማን እንደሰቀለው በምስክር ሲጣራ ነው። ሁለቱም ደግ ሰዎች ነበሩ።

እርስዎ ለእያንዳንዱ ሥዕል ውል ያድርጉ፦ ርዕሱ፣ መጠኑ፣ ሲረከቡት የነበረበት ሁኔታ፣ ዝቅተኛው የመሸጫ ዋጋ፣ ድርሻዎ፣ ገንዘቡ ለሠዓሊው በስንት ቀን እንደሚከፈል፣ ካልተሸጠ መቼ እንደሚመለስ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚከፍል። የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ ያያይዙ፤ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። ሥዕሉ የሠዓሊው ንብረት መሆኑና የእርስዎ ገቢ ድርሻዎ ብቻ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ግብር ሲሰላ ጠቅላላው ዋጋ የእርስዎ ሽያጭ ሊመስል ይችላል።

በቴሌግራም ፎቶ የሚለጥፉ ከሆነ የሠዓሊውን የጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብቱ ሠዓሊው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። ገዢው ሸራውን ይዞ ይሄዳል እንጂ ፖስትካርድ የማሳተም መብት አይገዛም። ይህንንም ለገዢው ሲሸጡ ይንገሩት።

ወረዳውን በጽሑፍ «ፈቃድ ለማውጣት ሂደት ጀምሬያለሁ» ብለው ያሳውቁና ደብዳቤዎን የተቀበሉበትን ማኅተም ያስመቱ። አሁን ግድግዳዎ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ግን የወረዳውን መልስ ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት መዝግበው ሠዓሊዎቹን ያስፈርሙ።