ኤለቬተሩ ለምን አይረጋም?

ጥያቄ፦ ጣርማ በር ገደል አፋፍ ላይ የማበራት ሞተር አልባ ሞዴል አውሮፕላን (ክንፏ 2 ሜትር) ኤለቬተሯን (አፍንጫዋን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ተንቀሳቃሽ የጭራ ክፍል) ትንሽ ስነካው ትዘላለች። እንቅስቃሴውን በሪሞቱ ወደ 40 በመቶ ባወርደውም መሃል ላይ አይረጋም። ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ በሪሞት ሲቀንሱት ሰርቮው (ኤለቬተሩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) በጥቂት ዲግሪ ብቻ ይሠራል፤ የውስጥ ጥርሶቹ መላላት ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ሪሞቱን 100 በመቶ፣ ትሪሙን (የመሃል ቦታ ማስተካከያውን) ዜሮ ያድርጉና የሰርቮውን ክንድ ከኤለቬተሩ ጋር ከሚያገናኘው ዘንግ ጋር 90 ዲግሪ እንዲሠራ መልሰው ይሰኩት። ከዚያ እንቅስቃሴውን ለመቀነስ ዘንጉን በሰርቮው ክንድ ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ፣ በኤለቬተሩ ክንድ ወደ ውጨኛው ያዛውሩ። ከኋላ ጠርዝ ሲለካ ወደ ላይም ወደ ታችም 8 ሚሊሜትር ለመነሻ ይበቃል። ሰርቮው በርቶ ጠርዙን በጣት ሲነቀንቁት ዘንጉ ቀዳዳው ውስጥ ከተንቀጫቀጨ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ያንጠባጥቡበት፣ ሲደርቅ በዘንጉ ልክ ይብሱት። አሁንም ከዘለለች ጭራዋ ከብዷል፤ አፍንጫዋ ላይ 5 ግራም እርሳስ እየጨመሩ ይሞክሩ።