ስለ ፍሪትዝ ፖላርድ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት በአሜሪካን ፉትቦል (ኳሱን በእጅ ይዘው እየተጋፉ የሚጫወቱት) ትልቁ ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ስለሆነው ስለ ፖላርድ በሁለት መስመር ጠቀስ አድርጌ ባልፍ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ ሰውዬው ማነው? ከየት ተነሣ?

መልስ፦ ሙሉ ስሙ ፍሬደሪክ ዳግላስ ፖላርድ ነው። በ1894 ቺካጎ ተወለደ። ብራውን ዩኒቨርሲቲ እያለ፣ በ1916 የአዲስ ዓመት ዕለት፣ ሮዝ ቦውል በሚባለው ትልቅ ግጥሚያ የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ቡድኑ 14 ለ 0 ተሸነፈ እንጂ።

ጥያቄ፦ ቁመቱ 1.75 ሜትር፣ ክብደቱ 75 ኪሎ ብለሃል። በዚህ ሰውነት ፉትቦል?

መልስ፦ ዛሬ ቢሆን ገና በር ላይ ሲያዩት ይመልሱት ነበር። እሱ ግን ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች ነው፤ ያዝነው ሲሉ እጥፍ ብሎ ያመልጣል። የሚከብደው ከወደቀ በኋላ ያለው ነው። ጥቁር በመሆኑ ፊሽካ ከተነፋም በኋላ ሆን ብለው ይከመሩበት ስለነበር፣ ገና መሬት እንደነካ በጀርባው ተንከባሎ ታኬታውን ወደ ላይ ያወናጭፍ ነበር፤ የደፈረ ይምጣ ነው ነገሩ። ኦሃዮ ውስጥ ለአክረን ከተማ ቡድን ሲጫወት ደግሞ ለደኅንነቱ ሲባል ልብሱን የሚቀይረው ከሌሎቹ ጋር ሳይሆን በቡድኑ ባለቤት የሲጋራ ሱቅ ውስጥ ነበር። ሻምፒዮን ሊያደርጋቸው ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ!

ጥያቄ፦ ተጫዋች ከሆነ አሠልጣኝ የሆነው መቼ ነው?

መልስ፦ ሁለቱንም በአንዴ። ዛሬ ኤንኤፍኤል የምንለው ሊግ በ1920 በሌላ ስም ሲጀመር፣ ፖላርድ የሚጫወትበት አክረን 8 አሸንፎ፣ 3 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። በ1921 ፖላርድ እየተጫወተ፣ ከኤልጂ ቶቢን ጋር ሆኖ ቡድኑን ማሠልጠንም ጀመረ። በዚያው ዓመት ፖል ሮብሰን፣ አዎ ዘፋኙ፣ የቡድን ጓደኛው ነበር።

ጥያቄ፦ በሩን ከከፈተ በኋላ ሌሎች ጥቁሮች ተከተሉት?

መልስ፦ ጥቂቶች ተከተሉት፤ ከዚያ ግን በሩ ተዘጋ። ከ1934 እስከ 1945 በሊጉ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። የተጻፈ ሕግ የለም፤ የቡድን ባለቤቶቹ ዝም ብለው መቅጠር አቆሙ፣ በቃ። ተጫዋቾች በ1946 ተመለሱ። በአሠልጣኝነት ግን ራይደርስ የሚባለው ቡድን አርት ሼልን ዋና አሠልጣኝ አድርጎ እስኪሾም 1989 ድረስ ተጠበቀ። ከ1921 ብንቆጥር 68 ዓመት ነው። ለእኔ ከዋንጫውም በላይ የሚያስገርመው ይሄ ነው፤ ሰውዬው እንደሚቻል አሳይቷቸው ነበርና።

ጥያቄ፦ ከሊጉ ከወጣ በኋላ በምን ኖረ?

መልስ፦ ቺካጎ ላይ ብላክ ሆክስ የሚባል የጥቁሮች ቡድን አቋቋመ፣ ሃርለም ውስጥ ብራውን ቦምበርስ የሚባለውን ቡድን አሠለጠነ፣ ኒውዮርክ ላይም የራሱን ጋዜጣ አሳተመ። ቁጭ የሚል ሰው አልነበረም። ልጁም በ1936 የበርሊን ኦሎምፒክ በ110 ሜትር መሰናክል ነሐስ አግኝቷል።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ የሞተው እዚሁ እኛ ከተማ ነው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በግንቦት 1986፣ በ92 ዓመቱ። የኮሌጅ ፉትቦል የክብር አዳራሽ በ1954 አስገብቶታል፤ የፕሮፌሽናሉ ግን በ2005 ነው ያስታወሰው፣ ከሞተ ከ19 ዓመት በኋላ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በስሙ የተቋቋመ ማኅበር አለ፤ ሥራው ቡድኖች ጥቁር አሠልጣኞችንም እንዲቀጥሩ መወትወት ነው፣ ዛሬም አልጨረሰም።