የሕግ ምክር፦ ግቢ ውስጥ ላቆምኩት መኪና መብራት ብስብ አከራዬ ሊከለክሉኝ ይችላሉ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ፣ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ሥራዬ ጎብኚ ማጓጓዝ ነው። አንድ አሮጌ ዶልፊን ገዝቼ፣ ወንበሩን አውጥቼ አልጋ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ ምድጃና የውኃ ማሞቂያ አስገጥሜበታለሁ። ወደ ጎርጎራም ሆነ ወደ ሰሜን ተራሮች እንግዳ ይዤ ስሄድ መኪናው ውስጥ ያድራሉ። ሥራ በሌለ ቀን መኪናው ግቢ ይቆማል፤ ባትሪው እንዲሞላና ፍሪጁ እንዳይጠፋ ከማዕድ ቤቱ ሶኬት በኤክስቴንሽን መብራት እስብለታለሁ። ባለፈው ሳምንት ከዝናብ በኋላ የጎረቤት ተከራይ ልጅ የመኪናውን በር ሲነካ ነዘረው፤ ወደ ኋላ ወደቀ እንጂ ደግነቱ አልተጎዳም። አከራዬ ትልቅ እናት ናቸው። «ሽቦውን ነቅለህ ጣል፣ አለዚያ መኪናህን ይዘህ ውጣልኝ» አሉኝ። የኪራይ ውላችን የቃል ነው። እማማ ይህን የማለት መብት አላቸው? ለመኪናው የራሴን ቆጣሪ ማስገባት እችላለሁ? ወንድሜ ደግሞ «የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር ግዛና መብራት ሲጠፋ ከመኪናው ወደ ቤቱ መልሰህ ላክ» ይለኛል። ይህስ በሕግ ያስጠይቃል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ይህን አንብበው እስኪጨርሱ እንኳ አይጠብቁ፤ ሽቦውን ከሶኬቱ ይንቀሉት። ልጁንም «አልተጎዳም» ብለው አይተዉት። መብራት የያዘው ሰው ከላይ ቁስል ሳይታይበት የልብ ምቱ ሊዛባ ይችላል። ከወላጆቹ ጋር ሆነው ጤና ተቋም ይውሰዱት፣ ወጪውን ይሸፍኑ፣ ደረሰኙንም ያስቀምጡ። «ካሳከምከው ጥፋትህን አመንክ ማለት ነው» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። እኔ ግን ልጅ እንዳይታከም የሚያደርግ ምክር ለማንም አልሰጥም፤ ቀድሞ ያሳከመ ሰው ከወላጆችም ሆነ ከዳኛ ፊት ሲቀርብ የሚሻለው እሱ ነው።

ማን ተጠያቂ እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ በሩ ላይ ምን እንደተፈጠረ መረዳት ያስፈልጋል። መኪናው ብረት ነው፤ የቆመው ግን በጎማ ላይ ነው፣ ጎማ ደግሞ መብራት አያስተላልፍም። ከማሞቂያው ወይም ከቻርጀሩ አንድ የተላጠ ፌዝ ሽቦ (መብራት የሚያመጣው ሽቦ) ቦዲውን ከነካ፣ መብራቱ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ስለሌለው ቦዲው 220 ቮልት ተሸክሞ ይቆማል። ደረቅ ጫማ ያደረገ ሰው ምንም ሳይሰማው በሩን ከፍቶ ሊገባ ይችላል። ክረምት ላይ ውኃ በጠገበ ጥቁር አፈር ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ልጅ እጀታውን ሲይዝ ግን የመብራቱ መንገድ ራሱ ልጁ ይሆናል። «ብሬከር አለኮ» እንዳይሉኝ። 16 አምፔር ብሬከር የተሠራው ሽቦው ከአቅሙ በላይ ተጭኖ እንዳይቃጠል ነው፤ ሰውን ለመግደል ግን ከአንድ አምፔር አንድ አሥረኛው እንኳ ይበቃል፣ ብሬከሩም ይህን ጨርሶ አያየውም። ሰው የሚያተርፈው 30 ሚሊአምፔር ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጠው መሣሪያ፣ ባለሙያዎች አርሲዲ የሚሉት፣ በትክክል ከተዘረጋና ያፈሰሰውን መብራት ወደ መሬት ከሚያወርድ የግራውንድ ሽቦ ጋር ሲሆን ነው። የእርስዎ ኤክስቴንሽን ውስጡ ፌዝና ኒውትራል (መላሹ ሽቦ) ብቻ ያለው ከሆነ፣ ወይም ሦስተኛው ሽቦ ኖሮ የማዕድ ቤቱ ሶኬት ራሱ ግራውንድ ከሌለው፣ ልጁን የሚጠብቅ ምንም ነገር አልነበረም ማለት ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ኪሣራውን እንዲከፍል ያስገድዳል። ጥፋት ለመባል ክፉ ሐሳብ አያስፈልግም፤ ቸልተኝነት ይበቃል። አንቀጽ 2081 ደግሞ ከዚህም ይከብዳል፦ የማሽን ወይም የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ማሽኑ ወይም ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የእርስዎ ጠበቃ «መኪናው ቆሞ ነበር፣ ጉዳቱን ያደረሰው መብራቱ ነው» ብሎ መከራከሩ አይቀርም። ክርክሩ ሊሰማ ይችል ይሆናል፤ እኔ ግን ቤቴን አስይዤ በእሱ ላይ አልመካም፣ ምክንያቱም ልጁ የነካው የእርስዎን መኪና በር ነው። በአንቀጽ 2086 መሠረት «ጥፋት የለብኝም» ማለት፣ ምክንያቱ አለመታወቁ ወይም የሦስተኛ ሰው ጥፋት መሆኑ ነፃ አያወጣዎትም፤ ኃላፊነቱ የሚቀረው ወይም የሚቀንሰው ተጎጂው ራሱ ባጠፋው ልክ ነው። የመኪና በር የነካ ሕፃን ምን አጠፋ ይባላል? የጉዳት ካሳ ክስ በአንቀጽ 2143 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ ሊቀርብ ስለሚችል፣ ዛሬ ዝም ያለ ወላጅ ነገ ዝም ይላል ብለው አይቁጠሩ። ከዚህም በላይ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት አካል ማጉደልን በአንቀጽ 559፣ በቸልተኝነት ሰው መግደልን በአንቀጽ 543 ያስቀጣል። ካሁን በኋላ «አላወቅሁም ነበር» የሚለው ቃል አይሠራልዎትም፤ ከልጁ በኋላ አውቀዋል።

የሦስተኛ ወገን መድን አለኝ ብለውም አይጽናኑ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 የታሰበው ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው አደጋ እንጂ ከማዕድ ቤት ሶኬት ለተሳበ ሽቦ አይደለም። የመኪናውን ውስጥ መቀየርዎንም፣ ቦሎ ሲያድሱ ጣጣ እንዳያመጣብዎ፣ በተሽከርካሪ ምዝገባ በኩል አስቀድመው ያስፈቅዱ።

እማማን በተመለከተ፣ ስለ ሽቦው እውነታቸውን ነው። የቆጣሪው ደንበኛ እሳቸው ናቸው። አንቀጽ 2077 ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት የሕንፃውን ባለቤት ኃላፊ ስለሚያደርግ፣ የተበላሸው የቤቱ ሶኬት ከሆነ ክሱ እሳቸውንም ይነካል። ለአንድ ጉዳት ሁለት ሰው ኃላፊ ሲሆን ደግሞ በአንቀጽ 2155 መሠረት ተጎጂው ሙሉውን ካሳ ከፈለገው ሰው መጠየቅ ይችላል። አንዲት አዛውንት እርስዎ ለሳቡት ሽቦ ቤታቸውን እስከማጣት እንዳይደርሱ ቢፈሩ ክፋት ብለው አይዩባቸው። «መኪናህን ይዘህ ውጣ» የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሲከራዩ መኪና እንደሚያቆሙ ተነጋግረው ከሆነ፣ ወይም እሳቸው ከመጀመሪያው እያዩ ዝም ካሉ፣ ማቆሙ የውሉ አካል ነው ብለው መከራከር ይችላሉ። በአንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው፤ በአንድ ወገን ቁጣ በአንድ ሌሊት አይፈርስም። እማማ በሩን መቆለፍም ሆነ የመኖሪያ ክፍልዎን መብራት መቁረጥ አይችሉም። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጊዜ ያልተወሰነለት ኪራይ ተገቢው ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ሊቋረጥ እንደሚችል አይርሱ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ከተማዎን ይመለከት እንደሆነ ግን ያጣሩ። ስለዚህ ፍርድ ቤት ሄደው ቢረቱ እንኳ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቤት ፍለጋ ሊወጡ ይችላሉ። ይህ ጉዳይ ክስ ሳይሆን ስምምነት የሚፈልግ ነው።

ለመኪናው የብቻው ቆጣሪ ማስገባት አይሆንም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መስመር የሚሰጠው በይዞታ ላይ ነው፤ ይዞታው ደግሞ የእማማ ነው። ለግቢው ተጨማሪ ቆጣሪ ማመልከት የሚችሉት እሳቸው ናቸው። ከቆጣሪው በፊት ካለው መስመር «ትንሽ ልጥለፍልዎ» የሚል ሠራተኛ ቢያገኙ ግን ግቢውንም አያስረግጡት፤ ያ ስርቆት ነው።

የሚሻለው ከቤቱ ብሬከር ሳጥን ራሱን የቻለ አዲስ መስመር ማውጣት ነው። አሁን የሚጠቀሙበት የማዕድ ቤት መስመር እኮ ምጣድም ይጣድበታል። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3 ተኩል ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፣ ይህም 16 አምፔር ነው። በዚያ ላይ የመኪናዎ 1 ተኩል ኪሎዋት ማሞቂያ ሲጨመር 23 አምፔር ይጠጋል። የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ሳይዘረጉ ከተጠቀሙ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ላስቲኩ ይቀልጣል። አዲሱ መስመር የራሱ ብሬከርና አርሲዲ ያለው፣ እንደ ርቀቱ 2.5 ወይም 4 ካሬ የሆነ ባለ ሦስት ሽቦ ኬብል በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ የተቀበረ፣ ጫፉ ላይ ዝናብ የማያስገባ ክዳን ያለው ሶኬት ይሁን። የመኪናው ቦዲ ራሱ ከግራውንድ ሽቦው ጋር መታሰር አለበት፤ ይህን ካልሠሩ ሌላው ሁሉ ትርጉም የለውም።

የሚሠራው ሰው ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ያለው ኤሌክትሪሽያን ይሁን። የምስክር ወረቀቱን ኮፒ ይያዙ፤ ደረሰኙ ላይም ምን እንደሠራና የግራውንዱን ልኬት ያስጽፉ። ይህ ወረቀት በአንቀጽ 2028 ለሚቀርብብዎ የቸልተኝነት ክስም ሆነ ለወንጀሉ ጥሩ መከላከያ ነው። ከአንቀጽ 2081 ግን አያድንዎትም፤ ከዚያ የሚያድንዎት አደጋው አለመድረሱ ብቻ ነው።

የወንድምዎን ሐሳብ ጨርሶ አይሞክሩት። ሁለቱም ጫፉ ወንድ በሆነ ገመድ ከኢንቨርተር ወደ ቤት ሶኬት መብራት ሲልኩ፣ ዋናው ማብሪያ ካልተዘጋ መብራቱ በቆጣሪው አልፎ ወደ መንገዱ መስመር ይወጣል። መብራቱ ሲመጣ ትራንስፎርመሩ 15,000 ቮልቱን ወደ እርስዎ ቤት እንደሚያወርደው ሁሉ፣ ሲመለስም የእርስዎን 220 ወደ ላይ ከፍ ያደርገዋል። ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ነው የሚነካው። እሱ ቢሞት የሚጠየቁት በአንቀጽ 543 ነው። የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ከሶኬት ሲወጣም እርቃኑን 220 ቮልት ይዞ ነው። በኢንቨርተር ወይም በጄኔሬተር መጠቀም በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ሁለቱ ምንጮች ከቶ እንዳይገናኙ የሚያደርግ ቼንጅ ኦቨር በባለሙያ ያስገጥሙ። ጄኔሬተር ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 1225 ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስና ድምፅን ይከለክላል፤ ሌሊት አያስነሱት።

እማማ ጋ ባዶ እጅዎን አይሂዱ፤ የባለሙያውን የዋጋ ማቅረቢያ ይዘው፣ የሚያከብሩት አንድ ሽማግሌ አስከትለው ይሂዱ። ስምምነቱ በጽሑፍ፣ በሁለት ምስክር ይሁን። መኪናው የሚቆምበት ቦታ፣ መስመሩን የሚያሠሩት እርስዎ መሆንዎ፣ ሲለቁ ተከላው ለማን እንደሚቀር፣ ከመኪናው ለሚነሳ ጉዳት ኃላፊነቱን እርስዎ እንደሚወስዱ ይጻፍበት። የሒሳቡን ነገር ደግሞ በደንብ ያስቡበት። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም እየጨመረ የሚሄድ ነው። መኪናዎ በወር 100 ኪሎዋት ሰዓት ቢጨምር ግቢውን በሙሉ ወደ ውዱ እርከን ሊያሻግረው ይችላል፤ «እኩል እንካፈል» ካሉ የእርስዎን ማሞቂያ ሌሎቹ ተከራዮች ከፈሉልዎ ማለት ነው። ስለዚህ በአዲሱ መስመር ላይ ንዑስ ቆጣሪ ያስገጥሙ፤ የመኪናውን ፍጆታ በመጨረሻው፣ በውዱ እርከን ዋጋ ለመክፈል ይስማሙ። እንግዳ ግቢው ውስጥ በክፍያ የሚያሳድሩ ከሆነ ግን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ አይመለከትዎትም፤ ያንን ለእማማ አስቀድመው ይንገሯቸው።