ከሁዳዴ በኋላ የሚቋረጥ የጤና ልማድ፦ ለምን ይቀራል? እንዴትስ ይዘልቃል?

እህታችን፣ ጤና ጣቢያ ግፊትሽ ከፍ እያለ መሆኑን ሲነግሩሽ፣ በሁዳዴ መጀመሪያ በየማለዳው ለ1 ሰዓት ያህል መራመድ፣ ስኳር መተውና ጨው መቀነስ ጀመርሽ። ጾሙን ሙሉ በደንብ ሄደልሽ። ፋሲካ በገባ በሳምንቱ ግን ሁሉም ቀረ፤ «ስንፍና ነው ወይስ ሌላ?» ብለሽ ጠይቀሻል። 55 ቀን የጸና ሰው ሰነፍ አይባልም። ችግሩ ልማዱን ያሰርሽበት ነገር ላይ ነው።

በጾሙ ቁርስ ስለሌለ ማለዳው ክፍት ነበር፤ ለዚህ ነው መውጣቱ የቀለለሽ። ፋሲካ ሲገባ ቁርሱ ተመለሰና ያ ሰዓት ተያዘ። ረቡዕና ዓርብን እንዳትጠብቂ ደግሞ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት እነሱም አይጾሙም። ከዚያ ሰኔ ይገባል፣ ዝናቡ ይጀምራል። ጾም ላይ የተንጠለጠለ ልማድ ጾሙ ሲፈታ አብሮ ይፈታል።

ጊዜውም ገና ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥናት 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትሎ ነበር። አንድ ድርጊት ሳያስቡበት በራሱ የሚሠራ እስኪሆን የወሰደው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ሆኖ ተገኘ፤ እንደ ሰውና እንደ ድርጊቱ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል (ከ12 ሳምንቱ የሚያልፈው በስሌት የተገመተ ነው)። ውሃ መጠጣት የመሰለ ቀላል ነገር ቶሎ ይለመዳል፣ የአካል እንቅስቃሴ ይዘገያል። አንድ ቀን ቢዘለል ሂደቱን እንደማያበላሸውም ታይቷል። ስለዚህ አንድ ቀን ቢያመልጥሽ «አበቃልኝ» አትበዪ፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ እንዳይቀር ብቻ ተጠንቀቂ።

አሁን ሦስቱንም አንድ ላይ አትጀምሪ። በመራመዱ ጀምሪ፤ በጾምም በፍስክም ከማይቀር ነገር ጋር እሰሪው። ከሥራ ስትመለሺ ታክሲ ላይ «ወራጅ አለ» የምትይበትን ቦታ ቀይሪ፦ ቤትሽ በእግር 10 ደቂቃ ሲቀረው ውረጂና የቀረውን በእግርሽ ሂጂ። ጠፍጣፋ ጫማ ሁልጊዜ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር፤ በታኮ ጫማ መንገዱ ካመመሽ ታቋርጪዋለሽ። ለመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ጉልበት ቢኖርሽም ከ10 ደቂቃ አትጨምሪ። የምትፈልጊው በደከመሽ ቀንም የማይቀር መጠን ነው፤ 1 ሰዓት ግን ባመሸሽበት ቀን መጀመሪያ የሚቀረው ነገር ነው። ከዚያ ወደ 15፣ ቀጥሎ ወደ 20 ደቂቃ አሳድጊው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በ5 ቀን ቢከፈል 30 ደቂቃ ነው፣ ጠዋትና ማታ 15፣ 15 ማድረግም ይቻላል። ፍጥነቱ እያወራሽ መሄድ የምትችይበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትሽ ይሁን።

መራመዱ ከጸና በኋላ ወደ ጨው ግቢ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው በግምት ስለሚሠራ ነው፤ «ቀንሻለሁ» ይላል፣ ጨው ግን እንደ ድሮው ያልቃል። ለአዋቂ የሚመከረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ከሁሉም ምግብ ተደምሮ አንድ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። አምስት አዋቂ ባለበት ቤት በቀን 25 ግራም ይሆናል፣ 1 ኪሎ ጨው ቢያንስ 40 ቀን ይቆያል። ዳቦውና ውጭ የሚበላው የራሱ ጨው ስላለው ደግሞ ዒላማሽ 60 ቀን ይሁን፤ ልጆች ካሉ ከዚያም ይርዘም። ፓኬቱን ስትከፍቺ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፊበት፣ ሲያልቅ ቁጠሪው። ከየትኛውም ማስታወሻ ይልቅ እውነቱን የሚነግርሽ ይህ ነው።

ተደብቆ የሚገባው ጨው በርበሬና ሽሮ ውስጥ ነው። ሲዘጋጁ ከቅመሙ ጋር ጨው ይጨመርባቸዋል፣ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። ቀጣዩን በርበሬ ያለ ጨው አስፈጪ፤ የወጡን ጨው ደግሞ ሊወጣ ሲል ቀምሰሽ አድርጊ። ለራስሽ ብቻ ለብቻው ማብሰል አይዘልቅም፣ ድካሙ ያስተውሻል፤ የቤቱን ድስት በሙሉ ቀስ በቀስ ቀንሺ። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል፤ በአንዴ ከቆረጥሽው ግን ቤተሰቡ ማዕድ ላይ ጨው ማስመጣት ይጀምራል።

ዘይትንም በዚሁ መንገድ እዪው፣ ምክንያቱም የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል አይደለም። የ5 ሊትር ጀሪካን ለአምስት ሰው በ20 ቀን ካለቀ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፣ ያ ከ400 ካሎሪ በላይ ነው። ቁሌቱን መጀመሪያ በደረቁ፣ ሲይዝ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ አቁላልተሽ ዘይቱን በመጨረሻ በማንኪያ ለክተሽ ጨምሪ።

ስኳሩ የሚገባው በቡናው ነው። በስኒ 2 የሻይ ማንኪያ የሚያደርግ ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲል 6 ማንኪያ፣ ወደ 24 ግራም ወሰደ። ለቀኑ ሙሉ ይበጃል የሚባለው ከ25 ግራም በታች ነው፤ ሻዩ ገና አልተቆጠረም። በየ2 ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሺ።

በዓል ሲደርስ የምግቡ መለኪያ ትንሽ ይላላል፣ ይህን አስቀድመሽ ወስኚው፤ 10 ደቂቃዋን ግን አትልቀቂ። ሰው ቤት ስትሄጂ በትንሹ አንሺ፣ «በሞቴ» ሲመጣ የምትጨምሪበት ቦታ ይኖርሻል። ለክረምቱ ደግሞ ከአሁኑ ምትክ አዘጋጂ፦ ኮንዶሚኒየም የምትኖሪ ከሆነ ደረጃውን 10 ደቂቃ በዝግታ መውጣትና መውረድ በቂ ነው፤ ጉልበትሽን የሚያምሽ ከሆነ በረንዳ ላይ ተራመጂ። ሰዓቱ አይቀየር፣ ከሥራ መልስ ልብስ ሳትቀይሪ።

ግፊትሽን በሳምንት አንድ ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ተለኪ፤ ከመለካትሽ በፊት 30 ደቂቃ ቡና ሳትጠጪ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀምጠሽ፣ ክንድሽ በልብሽ ትክክል ተደግፎ። በተለያዩ ቀናት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ልማዱ እስኪይዝ አትጠብቂ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። መድኃኒት ከታዘዘልሽ ቁጥሩ ስለወረደ ብቻ በራስሽ አታቋርጪው።