ልጄ ሁሌ «አሜባ ነው» ይባላል፣ ግን አይድንም

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ ሳቢያን ነው። የ13 ዓመት ልጄን ወራት ሙሉ ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዴ ደም አለው፣ ሌሊትም እየተነሳ ሽንት ቤት ይሄዳል። በየክሊኒኩ ሰገራ ይታይና «አሜባ» ተብሎ ፍላጅል ይሰጠዋል፣ ትንሽ ቀለል ይለውና ያው ይመለሳል። ከሳብኝ፣ የዓምናው ዩኒፎርም ሱሪ ዘንድሮም ልኩ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፉት ሁሉ ያስደነገጠኝ የሱሪው ነገር ነው። በዚህ እድሜ ልጅ የሚመዘዝበት ጊዜ ነው፣ ተቅማጡ ወራት ቆይቶ ቁመቱም ከቆመ ሌላ ዙር ፍላጅል መስጠት ይብቃ። አሜባና ጃርዲያ እኛ ሀገር ሞልቷል፣ ሲገኝ እናክማለን፣ ግን ተደጋግሞ ታክሞ ካልለቀቀ ሌላ ነገር መፈለግ አለበት። አንዱ የሰውነት መከላከያ ራሱ አንጀትን እያቆሰለ የሚመጣ በሽታ ነው፣ ክሮንስ እና አልሰራቲቭ ኮላይተስ የሚባሉት ማለት ነው። አልሰራቲቭ ኮላይተስ ትልቁን አንጀት ብቻ ሲይዝ ክሮንስ ግን ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል፣ ስለዚህ አፉ ውስጥ ቁስል ይመላለስበት እንደሆነ፣ መቀመጫው ጋ መሰንጠቅ ወይ መግል፣ መገጣጠሚያው ላይ እብጠት ካለ ይዩ። ያፍራል፣ አይነግርዎትም፣ እህት ወንድሞቹ በሌሉበት ቀስ ብለው ይጠይቁት።

አሁን ይሄን በደንብ ያንብቡልኝ። የአንጀት ቲቢ እና ክሮንስ በጣም ይመሳሰላሉ፣ ሁለቱም ያከሳሉ፣ ያተኩሳሉ፣ በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ አንጀቱ ታይቶ እንኳን መለየት ያስቸግራል፣ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው፤ ለክሮንስ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን መከላከያን ስለሚያዳክም ቲቢ ከሆነ ያባብሰዋል። ስለዚህ በደንብ ሳይመረመር ፕሬድኒሶሎን ቢያዝለት እባክዎ አያስጀምሩት። ቤት ውስጥ የሚያስል ወይ የቲቢ መድኃኒት የወሰደ ሰው ካለም ይናገሩ።

ድል ጮራ ሆስፒታል ወይ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ወስደው የሕጻናት ስፔሻሊስት ይየው። ቁመትና ክብደቱ ተለክቶ ከእድሜው ጋር ይታያል፣ የደም ምርመራ (ሲቢሲ፣ ኢኤስአር፣ አልቡሚን)፣ የደረት ራጅ፣ ሰገራውም ለቢልሃርዚያ ጭምር ይታያል። ቁርጡ የሚታወቀው ግን ኢንዶስኮፒ (በአፍ የሚገባ ካሜራ) እና ኮሎኖስኮፒ ተደርጎ ባዮፕሲ፣ ማለትም ከአንጀቱ ትንሽ ናሙና ለምርመራ ሲወሰድ ነው፣ ለዚህ አዲስ አበባ ሪፈር ከተባለ አይዘግዩ።

ክሮንስ ከሆነ ለልጆች መጀመሪያ የሚመከረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሌላ ምግብ ሳይበላ የተመጣጠነ ፈሳሽ ምግብ ብቻ መውሰድ ነው፣ የአንጀቱን ቁጣ ያበርዳል እድገቱንም ይመልሳል፣ ችግሩ ዋጋው ነው፣ ካልተቻለ ሐኪሙ በፕሬድኒሶሎን ይተካዋል፣ ያኔ ደግሞ ተሻለው ብለው በድንገት እንዳያቋርጡ። ከዛ አዛታዮፕሪን የሚባል የረጅም ጊዜ መድኃኒት ይቀጥላል፣ በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል። ለአልሰራቲቭ ኮላይተስ ሜሳላዚን ወይ ሰልፋሳላዚን አለ። ሙሉ ለሙሉ የሚነቅል መድኃኒት የለም፣ ግን ተይዞ ልጁ ይማራል ይጫወታል ያድጋል።

እስከዛ ሆዴን ሲል ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይስጡት፣ አንጀቱን ሊያባብሱት ይችላሉ። በድሬ ሙቀት ተቅማጥ ቶሎ ያደርቃልና ኦአርኤስ ከቤት አይጥፋ። ሆዱ ከተነፋ፣ ደሙ ከበዛ ወይ በጣም ካተኮሰው ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።