ለወጣት አቀናባሪዎች፦ ቢት ከመክፈታችሁ በፊት ድምፁን ስሙ

ውድ ልጆቼ፣

አብዛኛው የሂፕ ሆፕ ሪሚክስ (የነባር ዘፈን አዲስ ቅንብር) የሚበላሸው ከበሮው ደካማ ሆኖ አይደለም፤ ቢቱ (አጃቢ ሙዚቃው) አስቀድሞ ተሠርቶ የራፐሩ ድምፅ በኋላ ስለሚለጠፍበት ነው። አካፔላውን፣ ማለትም ሙዚቃ የሌለበትን የራፐሩን ድምፅ፣ ብቻውን ደጋግማችሁ ስሙ። የት እንደሚተነፍስ፣ የትኛውን ቃል እንደሚጫን፣ ከምቱ ኋላ እንደሚቀር ወይም እንደሚቀድም ለዩ።

ጄይ-ዚ እ.ኤ.አ. በ2003 «ዘ ብላክ አልበም»ን ካወጣ በኋላ አካፔላው ለብቻው ስለተለቀቀ፣ ብዙ አቀናባሪዎች በአንድ ግጥም ላይ የየራሳቸውን ሙዚቃ ሠሩበት። «99 ፕሮብሌምስ»ን ውሰዱ። የሪክ ሩቢን ቅንብር ከባድ ከበሮና ጊታር መትቶ መሀሉን ባዶ ይተወዋል፤ በግጥሙ ውስጥ ራፐሩ ከፖሊስ ጋር የሚያደርገው ምልልስ ጎልቶ የሚሰማው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። አቀናባሪው ዴንጀር ማውስ በ2004 የቢትልስን «ሄልተር ስኬልተር» ቆራርጦ ሲያለብሰው ግን ያው ግጥም ይቸኩላል፣ ይጋፋል። ሌላው አቀናባሪ ፒት ሮክ የራፕ ቡድኑን የፐብሊክ ኤነሚን «ሸት ኤም ዳውን» ሲያገኝ ደግሞ ጫጫታ የበዛበትን ቅንብር አንስቶ የትንፋሽ መሣሪያ ዜማ አስገባ፤ ቁጣው ወደ ኩራት ዞረ። እኔ ከመጀመሪያው ይልቅ ይህንን እመርጣለሁ።

ወደ እጅ ሥራው እንምጣ። ቴምፖው (ፍጥነቱ) 90 ቢፒኤም፣ ማለትም በደቂቃ 90 ምት ከሆነ፣ አንድ ባር (አራት ምት) 2.67 ሰከንድ፣ 16 ባር 42.7 ሰከንድ ይወስዳል። በ1 ቢፒኤም ብቻ ብትሳሳቱ 16ኛው ባር መጨረሻ ላይ ወደ ግማሽ ሰከንድ ትዛነፋላችሁ፤ ስለዚህ መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መጨረሻውንም ለኩ። ሌላው የተለመደ ስህተት የመጀመሪያውን ቃል ባሩ መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥ ነው። ራፐር ብዙ ጊዜ ከ«አንድ» (ከባሩ የመጀመሪያ ምት) በፊት ይገባል። የምትፈልጉት ስኔሩ (ሹል ድምፅ ያለው ከበሮ) ላይ የሚያርፈውን ቃል ነው፤ እሱን ካገኛችሁ ሌላው ራሱ ይገጥማል። ቃላቱን አንድ በአንድ ወደ ግሪድ (የሶፍትዌሩ የምት መስመሮች) አትጎትቱ፣ የሰውዬው አካሄድ ይሞታል።

ቴምፖውን እስከ 5 በመቶ ብትቀይሩ ብዙም አይታወቅም። ከ10 በመቶ በላይ ሲሆን «ስ» እና «ት» ይሰነጠቃሉ፤ ያኔ ድምፁን ትታችሁ ቢቱን ቀይሩ። አካፔላውን ከሙሉ ዘፈን በሶፍትዌር ለይታችሁ ካወጣችሁት የሲምባል ቅሪት ይኖርበታል፤ አዲሱን ሃይሃት (ጥንድ ትንንሽ ሲምባል) እዚያው ቦታ ላይ መምታት ይሸፍነዋል። ድምፁ ላይ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፣ ቦታው የኪክ (የትልቁ ከበሮ) እና የቤዝ ነው። አዝማቹ ከተዘፈነ ደግሞ ቁልፉን (ዜማው የሚያርፍበትን ስኬል) የሚወስነው እሱ ነው፤ ቤዙን ከእሱ ጋር ሳታስማሙ አትቀጥሉ።

የኛን ሙዚቃ ማስገባት የምትሹ፣ ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ በ2010 «አዝ ዊ ኤንተር» ላይ የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» እንዴት እንደተጠቀሙ አጥኑ። ችክችካ ሲሆን ግን ተጠንቀቁ። ራፐሩ አንዱን ምት አብዛኛውን ጊዜ በአራት ይከፍላል፣ ችክችካ በሦስት። ሁለቱ ሳያቋርጡ ከሄዱ ቃሉ የዘገየ ይመስላል። ኪክና ስኔሩን ዋናው ምት ላይ ጠብቁ፤ የከበሮውን ሦስትዮሽ ዝቅ አድርጋችሁ ራፐሩ በሚተነፍስበት ብቻ ከፍ አድርጉት።

ፈቃድን በተመለከተ፣ ከላይ ያነሳሁት ቅንብር ያለበትን የዴንጀር ማውስን አልበም ያስቆመው የቢትልስ ቅጂ መብት የያዘው ኢኤምአይ ነበር። ባለመብቶቹ ብዙ ናቸው፦ የራፐሩ ድምፅ፣ ግጥሙ፣ የሳምፕሉ (ከሌላ ዘፈን የተቆረጠው ድምፅ) ቅጂና ድርሰቱ። ሳምፕል ስትቆርጡ የዘፈኑን ስም፣ ዓመቱንና አሳታሚውን በፕሮጀክቱ ፋይል ላይ እዚያው ጻፉ።