ሦስት ሰው ብቻ የሚያስመርጥ ክር

ጥያቄ፦ ተመልካች ራሱ ክር እያያያዘ የሚጨርሰው የግድግዳ ሥራ ለኤግዚቢሽን እያዘጋጀሁ ነው። ሚስማሮቹ ላይ «እናት»፣ «ጎረቤት»፣ «አበዳሪ» እያልኩ ጽፌያለሁ። በሙከራው ግን ሁሉም ሁሉንም አገናኘና ሰሌዳው የክር ክምር ሆኖ ቀረ። ምን ላስተካክል?

መልስ፦ ክሩን ይለኩት። መሃል ላይ «እኔ» የሚል ካስማ ይትከሉ፤ ሌሎቹን 12 ካስማዎች ከእሱ 50 ሴንቲ ሜትር እያራቁ በክብ ይደርድሯቸው። ደርሶ መልሱ አንድ ሜትር ነው፤ ለአንድ ሰው 3.5 ሜትር ቢሰጡ፣ መጠምጠሚያውና ቋጠሮው ታስቦ፣ ለሦስት ግንኙነት ይበቃል። አራተኛ የሚፈልግ ከሦስቱ አንዱን መተው ግድ ይሆንበታል፤ ሥራው ያለው እዚያ ላይ ነው። ርቀቱ እኩል ካልሆነ ሰው ለእጁ የቀረበውን ይመርጣል። የክቡ መሃል ከወለሉ 110 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ልጅም፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያለም መሃሉ ላይ ይደርሳል፤ የላይኛው ካስማ ግን 160 ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሚውል እዚያ የሚያግዛቸው ሰው ይኑር።

ሚስማር አይሆንም። 300 ሰው ቢመጣ መሃሉን ክር ከ900 ጊዜ በላይ ያልፈዋል። 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት የወጣ ድቡልቡል እንጨት ይጠቀሙ፤ ለመሃሉ ውፍረቱ 5፣ ለዙሪያው 2 ሴንቲ ሜትር። አንድ መቶ ሰው «እናት»ን ቢመርጥ 200 ክር ነው፤ እያንዳንዱ 200 ግራም ቢስብ ካስማው 40 ኪሎ ይሸከማል፣ ወደ መሃልም ይጋደማል። ስለዚህ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ላይ በኮላ አጣብቀው ከጀርባ በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ ይሰሩት። ናይለን ተለጥጦ ስለሚሰበሰብ ጭነቱን ያብሰዋል፤ ጥጥ ይሻላል። የተቆረጠውን ክር በየካርቶን ቁራጩ ካልጠቀለሉት ገና ሳይጀመር ይተበተባል።

ሌላም አለ፦ ተመልካች የቀደመውን ይከተላል። በር ላይ 12ቱ ስሞች ያሉበት ወረቀት ሰጥተው ሰሌዳውን ሳያይ ሦስቱን ያስመርጡት። ባዶ የቀረውን ካስማ ደግሞ እንዳይነቅሉ፤ ከሞላው ይልቅ እሱ ይናገራል።

ጥያቄ፦ የክሮቹን ቀለማት ትርጉም ግድግዳው ላይ ልጻፍ?

መልስ፦ አይጻፉ። እንዲያውም አንድ ቀለም ይበቃል፤ ቀይ ጠብ፣ ነጭ ፍቅር ካሉት ተመልካቹ ፈተና የሚሠራ ይመስለዋል። አርቲስቱ ፌሊክስ ጎንዛሌዝ-ቶሬስ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ኤድስ የነጠቀውን ፍቅረኛውን ለማስታወስ 175 ፓውንድ (79 ኪሎ ገደማ) ከረሜላ ከመረ፤ ጎብኚ ሲያነሳለት ክምሩ ይቀንሳል፣ ከዚያ ይሞላል። የፍቅረኛውን መክሳት የሚያሳየው የጎብኚው እጅ ነው። የእርስዎም ጽሑፍ ከዚህ አይለፍ፦ «ከ‹እኔ› ይጀምሩ። ክሩ ሲያልቅ ‹እኔ› ላይ ይቋጥሩ።»